ዕርቅን ለመማር ወደ ውጭ አገር ስለ መሄድ

ቀድሞ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ልጅ ሕግን፣ ሕክምናን ወይም የጦርን ትምህርት ሊማር ይሄድ ነበር። አሁን ግን ጠብና ዕርቅም ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት ሆነዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1973 ዓ.ም. በኮስታሪካ የሰላም ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም መወሰኑ ይህንኑ ያስረዳል። እንግዲህ ልጃቸውን ለዚህ ትምህርት የሚልኩ ወላጆች ምን ብለው ሊመክሩት እንደሚገባ በዛሬው ጽሑፋችን እናመለክታለን።

መጀመሪያ፣ የአገሩን ሥርዓት ዐውቆ ይሂድ። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ሰው በተገደለ ጊዜ ሽማግሎች በሁለቱ ወገን መካከል እየተመላለሱ ካሳ ይቈርጣሉ፤ በቀልም ከአባት ወደ ልጅ እንዳይወርድ ደሙን ያደርቃሉ። ይህን ያላወቀ ተማሪ በሰው አገር የሚያየውን የሚመዝንበት ሚዛን የለውም።

ሁለተኛ፣ ከሩቁ አገር አስቀድሞ ቅርቡን ርዋንዳን ይመልከት። በ1986 ዓ.ም. በዚያ አገር ብዙ መቶ ሺሕ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፣ የእስረኛው ብዛት ለመደበኛው ፍርድ ቤት ከዐቅም በላይ ስለሆነ፣ መንግሥቱ ጋቻቻ የሚባለውን የጥንት የመንደር ሸንጎ በአዲስ ሕግ አቆመው። የቃሉ ትርጓሜ ሣር ማለት ነው፤ ሕዝቡ በሜዳ ተቀምጦ ነገር ይሰማበት ነበርና። ሸንጎው በሰኔ 2004 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ክስ ተመለከተ። ለተከሳሽ ጠበቃ አለመቆሙ አስነቅፎታል፤ ነገር ግን ሟቾቹ እንዴት እንደ ሞቱና የት እንደ ተጣሉ በአደባባይ ይነገርበት ነበር። ከዳኞቹም መካከል ሴቶች ተቀምጠውበታል።

ተማሪው ከሁሉ ይልቅ ይህን የመጨረሻውን ነገር አጥብቆ እንዲመረምር እንወዳለን። በእኛ አገር ለዕርቅ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። ዕርቁ በጋብቻ ይጽና በተባለ ጊዜም የምትዳረዋ ልጅ ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚቀርበት አለ። ሐዘኑን በቤት ውስጥ የምትሸከመው፣ የአባቱንም አሟሟት ለልጅዋ የምትነግረው ግን እናት ናት። እርስዋ ያልተጠየቀችበት ዕርቅ፣ ካሳው ተከፍሎ ቢያልቅም፣ እንደ ተዳፈነ ፍም በምድጃው ውስጥ ይቈያል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት በምዕራብ ጎጃም ብዙ ቤት ሐዘን አስገብቷል። ስለዚህ ዕርቅን ተምሮ የሚመለስ ልጅ ዲፕሎማውን ከማሳየቱ በፊት ከሽማግሎች እግር ሥር ይቀመጥ፤ ያየውንም በትሕትና አስረድቶ እናቶች በሸንጎው ቦታ እንዲሰጣቸው ይለምን። ወላጆችም ይህን አደራ ገና ሲሸኙት እንዲሰጡት እናሳስባለን።