ደመና ላይ የሚገነቡ ልጆች

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ሆነ ስለ ስኳር አላወራም። የአንዲት እናት ጥያቄ ከያዝኩት ርእስ አስወጥቶኛል።

«ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ ያድራል» ይላሉ። «ምን እየሠራህ ነው ስለው ‹እማዬ፣ በፓይተን ሰርቨር እየገነባሁ ነው› ይለኛል። አሸዋ የለ፣ ሲሚንቶ የለ! አሁን ደግሞ ለመለማመጃ ብሎ አሜሪካ ያለውን አጎቱን የባንክ ካርዱን ቁጥር ጠይቆታል። ወንድሜ ‹ልስጠው ወይ?› ብሎ ደወለልኝ። ምን ልበለው?»

እኅቴ፣ ልጅዎ አልዋሸም። ክላውድ ወይም ደመና ይበሉት እንጂ ሰማይ ላይ ያለ ነገር የለም። በትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ተደርድረው ቀን ከሌት የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው። ከአዳራሾቹ እጅግ ብዙዎቹ የሚገኙት ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሽበርን በሚባለው አካባቢ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 እነዚህን ኮምፒውተሮች በሰዓት ማከራየት ሲጀምር የመጀመሪያው ዋጋ በሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ልጅዎ እቤቱ ተቀምጦ ከዚያ ላይ ድርሻ ይከራያል፣ መረጃ ማስቀመጫ ይከፍታል፣ ማን ገብቶ ማን እንደማይገባ ይወስናል። ግንባታ የሚለው ይህን ነው።

ይህ ሥራ ድሮ በእጅ ነበር የሚሠራው፤ ድረ ገጽ ከፍቶ አንድ በአንድ እየተጫኑ። የሠራው ሰው ሥራ ሲለቅ ምን እንደሠራ የሚያውቅ ይጠፋል። ሆስፒታል የሠራ ሰው ይህን ችግር አሳምሮ ያውቀዋል። ሐኪሙ በቃል አዝዞ ይሄዳል፤ የቀን ተረኛዋ መድኃኒቱን ትሰጣለች፤ የማታ ተረኛዋ ግን ካርዱ ላይ ምንም ስላላገኘች እንደገና ልትሰጠው ትችላለች። ትእዛዝ ይጻፍ፣ ይፈረም፣ በርክክብ ጊዜ ይነበብ የሚባለው ለዚህ ነው።

ኮምፒውተሮቹም በጽሑፍ ይታዘዙ ተባለ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2011 ክላውድፎርሜሽን የተባለ መሣሪያ አወጣ። እንደሚሞላ ቅጽ ያለ ነገር ነው። አሥር ማስቀመጫ ከፈለጉ አሥሩንም አንድ በአንድ መጻፍ ነበረብዎት፤ ቅጽ አያስብማ። ኋላ ደግሞ ‹ፕሮግራመሮች ሌላውን ሥራቸውን በሚጽፉበት ቋንቋ ለምን አይታዘዝም?› የሚሉ መጡ። መቀመጫውን ሲያትል ያደረገው ፑሉሚ እ.ኤ.አ. በ2018 መሣሪያውን ለሕዝብ አቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመት አማዞን ሲዲኬ የተባለውን ለሁሉም ከፈተ። ሒሳብ የሚሰላበትና ጨዋታ የሚሠራበት ያው ፓይተን አሁን ኮምፒውተር ይከራይበታል። ‹ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ማስቀመጫ ክፈት፤ ለሙከራ ከሆነ ትንሹን፣ ለደንበኛ ከሆነ ትልቁን ስጥ› ብሎ በሁለት መስመር ማዘዝ ተቻለ። ሙሉ ቋንቋ ነውና እንደ ልብ ይናገሩበታል።

እንደ ልብ መናገር ግን ጣጣም አለው። ቅጽ ሞኝ ቢሆንም ማንም ያነበዋል። በሙሉ ቋንቋ የተጻፈውን አንዳንድ ጎበዝ ልጅ እየተራቀቀበት ከእሱ በቀር የሚያነበው ይጠፋል። የሐኪም ጽሕፈት አንብበን የጨረስን ሰዎች ይህ አዲስ አይሆንብንም። እኔ ብጠየቅ ከተራቀቀው ይልቅ ሌላ ሰው የሚረዳውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጣጣ ቁጥር ነው። በሰዓት 10 ሳንቲም የሚከፈልበት ኮምፒውተር ሳይዘጋ 30 ቀን ቢቆይ 72 ዶላር ይሆናል። ትእዛዙ ላይ በ1 ፈንታ 10 ከተጻፈ 720 ዶላር ነው። አንድ ዜሮ! የመድኃኒት መጠን ላይ ዜሮ ሲጨመር የሚሆነውን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ይህ በጀማሪ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት (ፌብሩዋሪ) 28 ቀን 2017 እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ አንድ የአማዞን ባለሙያ የተለመደውን መመሪያ ተከትሎ ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ሊያስወጣ ትእዛዝ ሲጽፍ አንዱን ነገር ተሳሳተ፤ ካሰበው በላይ ብዙ ሰርቨር ወጣ። ለአራት ሰዓት ያህል ብዙ ድረ ገጾች ተስተጓጎሉ። ኩባንያው የአገልግሎቱን ሁኔታ የሚያሳውቅበት ገጽ ራሱ በዚያው ላይ የቆመ ስለነበር ‹ችግር አለ› ብሎ ለማሳየት እንኳ ተቸግሮ ነበር። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን አስተካከሉት፤ ቀስ ብሎ እንዲያስወጣ፣ ከዝቅተኛው መጠን በታችም እንዳይወርድ።

ፑሉሚም ሆነ ሲዲኬ ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት ምን እንደሚጨመር፣ ምን እንደሚቀየርና ምን እንደሚጠፋ ዘርዝረው ማሳየት ይችላሉ። መርፌ ከመውጋታችን በፊት የታካሚውን ስም፣ መድኃኒቱንና መጠኑን እንደምናመሳክረው ማለት ነው። ልጅዎን «ዝርዝሩን አይተኸዋል?» ብለው ይጠይቁት። ኮዱን ባያውቁም ‹10 አዲስ› የሚለውን ቁጥር ማንበብ አያቅትዎትም።

ወደ ካርዱ እንምጣ። አጎቱ ቁጥሩን በስልክ ባይልክ ይሻላል። ከፈቀደ ሒሳቡን በራሱ ስም ከፍቶ ዋናውን የይለፍ ቃል እሱ ይያዝ፤ ለልጁ ደግሞ የተወሰነ ፈቃድ ብቻ ያለው መግቢያ ይስጠው። የወጪ ማስጠንቀቂያም ያስተካክል፤ ለምሳሌ 5 ዶላር ሲደርስ ኢሜይል እንዲመጣለት። ማስጠንቀቂያው ግን በራሱ ቆጣሪ አይዘጋም፤ ስለዚህ ልጁ ልምምዱን ሲጨርስ በዚያው በመሣሪያው ‹አፍርስ› ብሎ ማዘዝ አለበት። መሣሪያው የሚያፈርሰው በራሱ መዝገብ ላይ ያለውን ነው፤ በእጅ የተከፈተውን አያውቀውም። መረጃ ማስቀመጫዎችም መረጃ እንዳይጠፋ ተብሎ ሳይፈርሱ ሊቀሩ ይችላሉ። እሱ ‹አፈረስኩ› ቢል እንኳ አጎቱ በማግሥቱ የክፍያውን ገጽ ከፍቶ ይይ።

አንድ የቀረ አለ። ልጁ ወደ ሒሳቡ የሚገባበትን ቁልፍ ኮዱ ውስጥ ጽፎ፣ ኮዱን ጊትሀብ ላይ ለሰው ሁሉ ክፍት አድርጎ እንዳያስቀምጥ። እንዲህ ያለ ቁልፍ እያሰሱ የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ፤ ያገኙትን ይዘው በሰው ሒሳብ ብዙ ኮምፒውተር ይከራያሉ። ደረሰኙ የሚመጣው ለአጎቱ ነው። ይህን ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ይጠይቁት።