በስስ ድርብ አትፍረዱ

በዘይት ቀለም የሰው ፊት ሲሳል፣ ስስ ቀለም መደረብ ከንቱ ልፋት ነው፣ አዋህዶ መቀባት ይበቃል የሚለውን ጽሑፍ ፈጽሞ አልቀበለውም። ነጭ የገባበት ቅልቅል ብርሃኑን ከላዩ ይመልሳል፤ ስስ ድርብ ግን ብርሃኑን አሳልፎ ከሥሩ ካለው ቀለም ያነጥረዋል። ጥላ ያረፈበት ጉንጭ ጥልቀት የሚያገኘው በዚህ ነው፤ ነጭ ሲበዛበት አመድ ይመስላል።

ጸሐፊው ድርብ እንደሚደበዝዝ ለማሳየት በ1665 ገደማ የተሳለችውን የቬርሜርን «የዕንቁ ጉትቻ ያደረገች ልጃገረድ» ጠቅሰዋል። እውነት ነው፣ ዛሬ ጥቁር የሚመስለው ከጀርባዋ ያለው ስፍራ ያኔ አረንጓዴ መጋረጃ ነበር። ግን የከዱት ከዕፅዋት የተገኙት ኢንዲጎና ቢጫ ማቅለሚያ ናቸው፤ ኢንዲጎማ ከነጭ ጋር ቢዋሃድ ይብሱን ፈጥኖ ይለቃል። ዛሬ ብርሃን የሚቋቋሙ፣ እንደ ኪናክሪዶን ያሉ አሳላፊ ቀይ ቀለሞች እያሉ ዘዴውን መጣል ለምን?