ለጸሎት የተቀጠረ ሰዓት

ሥራ የበዛበትን ሰው ስለ ጸሎቱ የጠየቁት እንደ ሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ጊዜ አጣሁ» የሚል ነው። ይህንንም የሚለው በሐሰት አይደለም። ገና ሲነጋ ባለጉዳይ ከደጁ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ከሥራው ቦታ ሲደርስ ደብዳቤው ተከምሮ ያገኘዋል፤ ማታም ወደ ቤቱ ሲመለስ ስልኩ ይጠራዋል። ነገር ግን ይኸው ሰው ከአለቃው ጋራ የተቀጣጠረበትን ሰዓት አንድ ቀን እንኳ አያሳልፍም። እንግዲህ የጎደለው ጊዜ ሳይሆን ቀጠሮ መሆኑን ልብ ማድረግ ይገባል።

የቀደሙት አባቶች ይህን ስላወቁ ጸሎትን ሲመች ብቻ የሚደረግ ነገር አላደረጉትም፤ ሰዓት ወሰኑለት እንጂ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የዕለቱ ጸሎት ጊዜ 7 ነው፤ እነርሱም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። የሀገራችን ሰዓት ቁጥሩን የሚጀምረው ከንጋት ስለ ሆነ፥ ሠለስት በ3 ሰዓት፥ ቀትር በ6 ሰዓት፥ ተሰዓትም በ9 ሰዓት ይውላል። ስለዚህ ለሥራችን የምንመለከተው ሰዓት ራሱ የጸሎቱን ጊዜ በስሙ እየጠራ ያስታውሰናል። ለንባቡም ቢሆን 150ው መዝሙረ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም በሳምንቱ ዕለታት ተከፍለው ተሰጥተዋል።

ሰባቱን ጊዜያት ሁሉ መጠበቅ ለባለ ቤትና ለባለ ሥራ የከበደ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ሁሉንም መተው አይገባም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ356 ዓመት ስላረፈው ስለ አባ እንጦንስ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በበረሃ ሳለ፥ በከተማ የሚኖር አንድ ሐኪም በምግባር ከእርሱ ጋራ እኩል መሆኑ ተገለጠለት ይባላል። ያ ሐኪም ለራሱ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድኆች ይሰጥ ነበር፤ በየቀኑም የቅዱሳን መላእክትን ምስጋና ያደርስ ነበር። ይህ ሰው ሥራውን ትቶ ወደ ገዳም አልሄደም፤ በሕሙማን መካከል ሆኖ ዕለታዊውን ምስጋና አላቋረጠም።

ሰዓቱን መወሰን ብቻውን ግን አይበቃም። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ለብዙ ዘመን በየማለዳው አንድ ንጉሥ፥ ማለት 10 መዝሙር ይደግም ነበር። ከንፈሩ ሲያነብ ልቡ ግን በዕለቱ ጉዳይ ላይ ነበረ፤ በንባቡም መካከል የቤት ሠራተኛውን በቍጣ ይጣራ ነበር። አንድ ቀን ትንሽ ልጁ ቀርቦ «አባባ፥ ዳዊት ሲደግሙ የሚቈጡት ማንን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ለዚህ ጥያቄ መልስ አጣለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዐሥሩን ወደ አንድ መዝሙር አወረደ፤ ያንንም አንዱን በማስተዋል ማንበብ ጀመረ።

ስለዚህ መጀመር ለሚወድ ሰው ይህን እንመክራለን። ጊዜው ሩብ ሰዓት ቢሆን ይበቃል፤ ግን ባለጉዳይ ሳይገባ፥ ስልክም ሳይከፈት ይሁን። ስፍራው ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ከንባቡ በፊት ጥቂት ዝም ይበሉ። ከዚያ በኋላ አንድ መዝሙር ቀስ ብለው ያንብቡ፤ ልብዎን ከነካው ቃል ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን አጥፈው ያንኑ ቃል በአርምሞ ያሰላስሉት። ሐሳብ መበተኑ አይቀርም፤ በተበተነም ጊዜ ሳይበሳጩ ወደዚያው ቃል ይመልሱት። ከግብፅ በረሃ አባቶች የተማረው ዮሐንስ ካስያኖስም፥ አንዲት አጭር የመዝሙር ቃል መደጋገም ሐሳብን እንደሚሰበስብ ጽፏል።

የዚህም ጥቅም ለሚጸልየው ሰው ብቻ የሚቀር አይደለም። ልቡ ሳይረጋ ከቤቱ የወጣ ሰው፥ በመጀመሪያ የሚገባለትን ባለጉዳይ ነገሩን ሳይሰማ ሊፈርድበት ይችላል፤ የዚያም ድኻ የዓመት ልፋት በአንድ ማለዳ ቍጣ ሊጠፋ ይችላል። ልጆችም ጸሎትን የሚማሩት ጸልዩ ተብለው ከመታዘዛቸው ይልቅ አባትና እናታቸው በየዕለቱ ዝም ብለው ሲቀመጡ፥ ሲነሡም ፊታቸው በርኅራኄ ተመልቶ በማየታቸው ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፥ የነገውን ቀጠሮ በምትጽፉበት ደብተር ላይ ከሁሉ በፊት ይህችን ሩብ ሰዓት ጻፉ። ሌላውም ቀጠሮ ሁሉ ከእርስዋ ቀጥሎ ይጻፍ።