መጀመሪያ ድርሰቱን አንብቡት

የተከታታይ ድራማ ፕሮፖዛል ይዞ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን የሚሄድ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ስፖንሰር አለህ ወይ?» ተብሎ ነው። ታሪኩ ምንድን ነው፣ ሰዎቹ እነማን ናቸው፣ ሃያኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ምን ይገጥማቸዋል የሚለው ጥያቄ ከተነሣም የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ አሠራር ልማድ ከመሆን አልፎ የንግድ ብልህነት ተደርጎ መቆጠር ጀምሯል። እኔ ግን ድራማችንን ከበጀት እጦት ባልተናነሰ እየጎዳው ያለው ይኸው አሠራር ነው እላለሁ። ድርሰትን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው በጣቢያዎቻችን ቦታ አጥቷል።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጣቢያው የአየር ሰዓት ይሰጣል ወይም ይሸጣል፤ ፕሮዲዩሰሩ ከስፖንሰር ገንዘብ አፈላልጎ ይቀርጻል፤ የማስታወቂያው ገቢ እንደ ውላቸው ይከፈላል። በዚህ ስሌት ጣቢያው ድራማ አያሠራም፤ ሰዓት ያከራያል። ድራማው የቆመበት ገንዘብ ሲናጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያግድ፣ ለጤና ተብሎ በተወሰደው ተገቢ እርምጃ ምክንያት የቢራ ፋብሪካዎችን ተማምነው የኖሩ ፕሮዲዩሰሮች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጣቢያዎቹ ለድርሰት ብለው የመደቡት የራሳቸው ገንዘብ ስላልነበረ የሚደግፋቸው አልተገኘም።

በአንድ ጣቢያ የድራማ ክፍል በረዳትነት ስሠራ ኃላፊነቴ የመጣውን ድርሰት መዝግቦ ማንበብ፣ አስተያየት ጽፎ ለአለቃ ማቅረብና ለደራሲዎች መልስ መስጠት ነበር። አስተያየቱ ሳይነበብ ውል ሲፈረም አይቻለሁ። ከሁሉ የማይረሳኝ አንድ ገጽ አለ። አባት ኩላሊቱ ሥራ ማቆሙን እራት ላይ ለሚስቱና ለልጆቹ ይነግራል። ደራሲው ለዚያች ንግግር ብዙ ክፍሎችን ሲያዘጋጀን ቆይቷል። ከንግግሩ ጎን በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ «እዚህ ጋ እናት የዘይቱን ጠርሙስ ታንሳ፤ ስሙ ወደ ካሜራ ይዙር» የሚል ተጽፏል። ድራማው ሲተላለፍ ያየነው ጠርሙሱን ነው። ባሏ እንደሚሞት የሰማች ሴት ፊት አላየንም። ያን ማስታወሻ ሰርዞ «ማስታወቂያው ሌላ ቦታ ይግባ፤ ይህ ትዕይንት አይነካ» የሚል ሥልጣን ያለው ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

«ዳኛው ተመልካቹ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። ተመልካች የሚፈርደው በቀረበለት ላይ ብቻ ነው፤ ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ በቀረው ድርሰት ላይ ሊፈርድ አይችልም። በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰምተው ነበር፤ ሥጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን የውጭውን የተከታተለው ያው ተመልካች አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት «እረኛዬ» በአርትስ ቲቪ ሲቀርብ በፍቅር ተከታትሎታል። ቀደም ሲልም «ገመና»ንና «ሰው ለሰው»ን ቀን ቆጥሮ ይጠብቅ ነበር። ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ታሪክ አልጠላም። የጠላው ለዚህ ሳምንት የሚተላለፈውን ክፍል በዚሁ ሳምንት ጽፎ የሚቀርጽ ጥድፊያን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሌላው ክርክር ከበድ ይላል፦ «ገምጋሚ ማለት ሳንሱር ነው» ይባላል። በዚህ አገር ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ ሲሰረዝ የኖረ በመሆኑ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ሆኖም ሳንሱር የሚጠይቀው «ይህ መባል አለበት ወይ?» ብሎ ነው፤ ጥሩ ገምጋሚ ግን «ልትል የፈለግከውን በደንብ ብለኸዋል ወይ?» ይላል። የመጀመሪያው ደራሲውን ያስፈራራዋል፣ ሁለተኛው ያግዘዋል።

ገምጋሚም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1974 የቢቢሲ የኮሜዲ ድርሰት ገምጋሚ የጆን ክሊስንና የኮኒ ቡዝን «ፎልቲ ታወርስ» አንብቦ እጅግ መጥፎ ነው፣ ከውድቀት በቀር ሌላ አይታየኝም ሲል ለአለቆቹ ጻፈ። ተቋሙ ግን ሥራውን አሠራው። በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ያለው ያ ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በ2000 የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ባሰባሰበው የባለሙያዎች ድምፅ የአገሪቱ ምርጥ የቴሌቪዥን ሥራ ተባለ። ይህን ታሪክ ገምጋሚ እንደማያስፈልግ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት አሉ፤ ለእኔ ግን ተቃራኒውን ያስረዳል። ድርሰቱ ተነበበ፤ ንባቡ በጽሑፍ ቀረበ፤ የመጨረሻው ውሳኔም ስለ ድርሰቱ የተወሰነ ውሳኔ ነበር። በእኛ ጣቢያዎች ግን ተሳስቶ እንኳ ቃሉ የሚሰማ አንባቢ የለም።

የምጠይቀው የማይቻል ነገር አይደለም። አቦልን የመሰሉ የክፍያ ቻናሎች ድራማ ከፍለው ማሠራት እንደሚቻል እዚሁ አገር ውስጥ አሳይተዋል። እያንዳንዱ ጣቢያ ደመወዝ የሚከፈለው፣ አስተያየቱን በስሙ ፈርሞ የሚያቀርብ የድርሰት አንባቢ ይቅጠር። የታሪኩ ሙሉ አካሄድና የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሳይነበቡ ውል አይፈረም። ለደራሲው ገና ቀረጻ ሳይጀመር ለጻፈው ይከፈለው፤ ድርሰቱ ካልተፈለገም ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረው። የስፖንሰር ጥያቄ ደራሲው ሳይስማማ ድርሰት ውስጥ አይግባ። ለእነዚህ የሚወጣው ወጪ ከጠቅላላው የቀረጻ ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ጣቢያ የአገር ድራማ ደጋፊ ነኝ ማለቱን ይተው።