ጫጫታ ስለ ተባለው ሙዚቃ

ሙዚቃ ማለት በመሣሪያ የሚመታ ወይም በጉሮሮ የሚዜም ብቻ ነው፤ የተቀዳ ድምፅን እየለዋወጡና እየቀጣጠሉ ማቀናበር ግን ጫጫታ፥ እርሱም የፈረንጅ ቅብጠት ነው የሚሉ ሰዎች በመካከላችን አልጠፉም። እኛ ይህን አሳብ እንቃወማለን። የምንቃወመውም አዲስ ነገር ሁሉ ደስ ስለሚያሰኘን ሳይሆን፥ አባባሉ ከታሪክም ከጆሮም ጋር ስለሚጣላ ነው።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ የእርሻ ትምህርት ያጠና ግብፃዊ ወጣት፥ በቀጭን ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ከካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ፥ የዛር ሥርዓት ወደሚፈጸምበት ስፍራ ሄዶ የሴቶቹን ዜማ ቀዳ። ከዚያም በጣቢያው ውስጥ የገደል ማሚቶ እየጨመረ፥ የዜማውን ዋና ድምፅ እየቀነሰ፥ ከሥሩ ተሸፍኖ የኖረውን ንዝረት ብቻ አስቀረ። ሰሚው ቃሉን አይለይም፤ የሰው ድምፅ መሆኑን ግን ልቡ ያውቃል። (ዛር ለአገራችን ሰው እንግዳ አለመሆኑን መናገር አያሻም።) ፒየር ሼፌር በፓሪስ የባቡርን ድምፅ ያቀናበረው ከዚህ አራት ዓመት በኋላ በ1948 ነው። እንግዲህ ነገሩ ቅብጠት ከሆነ፥ የዓባይን ውሃ የጠጣ ሰው ቅብጠት ነው እንጂ የፈረንጅ አይደለም።

ይህም ሰው ለእኛ ሩቅ አልነበረም። ከ1962 እስከ 1964 ድረስ በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሟል። ተቺዎቹ ይህን ሥራውን ሲያመሰግኑ እንሰማቸዋለን፤ የካይሮውን ሲሰሙ ግን ጆሯቸውን ይይዛሉ። የማይገባን ይኸው ነው። በየስፍራው ለየብቻቸው ሲኖሩ የነበሩትን ክራርና መሰንቆ፥ ዋሽንትና ከበሮ ጎን ለጎን አስቀምጦ ከሁሉም ሌላ ድምፅ ማውጣት፥ በሽቦው ላይ ካደረገው በምን ይለያል? የተቀዳ ሁሉ ሙዚቃ ነው አላልንም። የበር መንቋቋት ቀድቶ ጥበብ ነው ብሎ የሚመጣ አይታጣም፤ እርሱን ለተቺዎቹ እንተውላቸዋለን።

የካይሮው ሥራ ግን ለሰፊው ሰሚ የደረሰው በ2000 ዓ.ም. «ክሮሲንግ ኢንቱ ዘ ኤሌክትሪክ ማግኔቲክ» በተባለው አልበም ነው፤ ያውም ሁለት ደቂቃ ያህል ቅንጫቢው ብቻ። እስከዚያ ድረስ ብዙ መጻሕፍት የነገሩን ጥንት ከፓሪስ ሲቈጥሩ ኖሩ፤ ሐሊም ኤል ዳብም በ2017 ዐረፈ። ስለዚህ የሙዚቃ መምህራን አስቀድመው ሁለቱን ደቂቃ፥ ቀጥለውም የኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሰንቆ ለተማሪዎቻቸው እንዲያሰሙ እንጠይቃለን። ጫጫታ መሆን አለመሆኑን ተማሪዎቹ ይንገሩን።