ወጥ ቤትዎን ከሳሎን ለሚቀላቅሉ የለቡ ነዋሪ

ግንበኛው ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ችግር የለውም፣ ባዶ ነው» ብሎዎት ከሆነ፣ መዶሻውን ለጊዜው ያስቀምጥ። ብሎኬት ድሮም ውስጡ ክፍት ነው፤ ጣሪያ ተሸከመም አልተሸከመም ድምፁ ያው ነው። ውፍረቱም ብቻውን አይመሰክርም። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ክፍል ከመለየት በቀር ሥራ የሌለው አለ፤ በ15 ብሎኬት ተሠርቶ ጣሪያ የተጫነበት ሰርቪስ ቤትም አለ።

መታየት ያለበት ከግድግዳው በላይ ያለው ነው። ቪላ ከሆነ ኮርኒሱን አስከፍተው በባትሪ ይመልከቱ። የጣሪያው እንጨት ጫፍ ወይም መጋጠሚያ የት ላይ አረፈ? ግድግዳው ላይ ካረፈና ከእንጨቱ ሥር ከኮለን (ከኮንክሪት ምሰሶ) ወደ ኮለን የተዘረጋ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ከሌለ፣ ግድግዳው ተሸካሚ ነው። ፎቅ ከሆነ የጸደቀውን ፕላን ያውጡ፤ በተለይ የስትራክቸሩን ገጽ። በፊደልና በቁጥር የተሰየሙት መስመሮች ሲገናኙ ጠቁረው የሚታዩት ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ኮለኖቹ ናቸው። ፕላንና ቤት ሁልጊዜ አይገጥሙምና (በሥራው መሀል ስንቱ ግድግዳ ቦታ ቀይሯል!) ከግድግዳው ጥግና አናት ላይ ልስኑን ትንሽ ያስፍቁ። ኮንክሪት ከወጣ እዚያው ላይ ይቁም። ብሎኬቱ ከቢሙ ሥር በሲሚንቶ ብቻ ከተደፈነ ግን ኮለንና ቢሙ ከቆሙ በኋላ የገባ ሙሌት መሆኑ አይቀርም።

በአካባቢያችን ያሉት ኮንዶሚኒየሞች በአብዛኛው እንደዚህ ናቸው፤ ሸክሙ የኮለንና የቢም ነው። «እንግዲያው ይፍረስ» ከሚሉት ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ሕንፃ ወደ ጎን ሲገፋ ከኮለኑ ጋር አብሮ የሚታገለው ይኸው ሙሌት የተባለው ግድግዳ ነው። በታኅሣሥ 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበቤውን በሌሊት ከአልጋው ሲያስነሳ፣ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ውዝዋዜው ወደ ጎን መሆኑን አይቷል። ግራውንዱ ላይ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳው ሁሉ ከተነሳና የላዮቹ እንደነበሩ ከቀሩ፣ ግፊያው ተጠራቅሞ የታችኞቹ ኮለኖች ላይ ያርፋል። በነሐሴ 1991 በቱርክ ኢዝሚት በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሱት ፎቆች ብዙዎቹ የሄዱት በዚህ መንገድ ነው።

ለቧንቧ ብሎ ኮለን የሚቦረቡር ሠራተኛ ካጋጠመዎት ሒሳቡን ሰጥተው ያሰናብቱት። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ኮለኑ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ከላይዎ የሚተኙት ጎረቤቶችም ነው።

ግድግዳው ተሸካሚ ሆኖ ቢገኝም ሐሳብዎን መተው የለብዎትም። መሐንዲስ ያስላው፣ ፈቃዱ ይውጣ። ከዚያ መጀመሪያ ጣሪያው በድጋፍ ይያዛል፤ ብሎኬቱ የሚወርደው፣ አዲሱም ቢም የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ድጋፉን የተከራዩት በቀን ሒሳብ ከሆነ ቶሎ ለመመለስ ያጓጓል። መሐንዲሱ አንሱ ሳይል ግን አንድም እንጨት አይነሳ።