«ሳላሪ» እና ጨው

የወር መጨረሻ ሲቃረብ በመሥሪያ ቤቱም በትምህርት ቤቱም ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው ቃል ደመወዝ ነው። እንግሊዞች «ሳላሪ» ይሉታል። ባለፈው ሰሞን ይህንኑ ቃል ለተማሪዎቼ ሳስረዳ፣ እኔም በተማሪነቴ እንደ ሰማሁት፣ «የሮማ ወታደሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ስለ ነበር ነው» አልኋቸው። ከኋላ ወንበር አንዱ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ታዲያ የቤት ኪራያቸውን በምን ይከፍሉ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀኝ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን መልስ አጣሁና ወደ መጻሕፍት ተመለስሁ።

ያገኘሁት ይህ ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከፈረንሳይኛ ነው። ኖርማኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ብዙ የአስተዳደር ቃላትም በዚያው ገቡ። ፈረንሳይኛውም ከላቲኑ «ሳላሪዩም» ወረሰው፤ የዚህም ሥሩ «ሳል» ነው፤ ጨው ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያጠራጥር ነገር የለም። በገበታችን ላይ የምናገኛቸው ሰላጣና ሳልሳ እንኳ ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው፤ መነሻቸው «ጨው የገባበት» ማለት ነበር። የሚያስደንቀው ደግሞ የእንግሊዝኛው «ሶልት» የላቲኑ «ሳል» ዘመዱ እንጂ ልጁ አለመሆኑ ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ተወልደው አንዱ በጀርመን ነገዶች፣ ሌላው በሮማውያን በኩል መጡ። የጥንት ግሪኮችም ጨውን «ሃልስ» ይሉት ነበር።

የወታደሮቹ ነገርስ? በ79 የሞተው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ «ሳላሪዩም» በጨው እንደ ተሰየመ ጽፏል፤ ወታደር በጨው ተከፈለው ግን አላለም። ሌላም የጥንት ጸሐፊ ይህን አልመሰከረም። የወታደሩ ደመወዝ «ስቲፔንዲዩም» ይባል ነበር፤ የሚከፈለውም በገንዘብ ነው። «ለጨው መግዣ የተሰጠ አበል ነበር» የሚለውም የኋላ ሊቃውንት ግምት ነው።

ጨው ገንዘብ ሆኖ ሲሠራ ማየት የሚሻ ሰው ሮማ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ በእኛ አገር አሞሌ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲገበያዩበት ኖሯል።

እኛም «ደመወዝ»ን «ደምና ወዝ» ብለን ስንፈታው፣ በተለይ ሥራ በዝቶብን በዋለ ቀን፣ ልባችን ይረካል። ነገር ግን ትርጓሜው ማማሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በማግሥቱ ስሕተቴን ለክፍሉ ተናገርሁ። ያ ተማሪ ፈገግ ብሎ ዝም አለ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ «እንዲህ ይባላል» የሚለውን ከ«እንዲህ ነው» ለይቼ አስተምራለሁ።